ስም ያልተጠራለት ቅርስ

ባለፈው ዕትም «ቅርስ» በሚል ርእስ አምስት ግጥሞችና አንድ አጭር ወግ ቀርበው ነበር። ወረቀቷ በሳጃና ቤቶች ስትዞር ሰንብታ ለእኔ የደረሰችኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ አራተኛው ገጽ ላይ ሻይ ፈስሶበት ሁለት ስንኞች አይነበቡም። ሐቁን ልናገርና፣ የተነበቡትም ብዙ አልነገሩኝም።

ይህን የምለው ጸሐፊዎቹን ለማሳነስ አይደለም። ስንኞቹ ቤት ይመታሉ፤ ስሜታቸውም የውሸት አይደለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አምስቱም አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን ይጠራሉ፤ አንዱም ግን አንዲት ድንጋይ ጠጋ ብሎ አላየም። «ታላቅ»፣ «ጥንታዊ»፣ «ድንቅ» እየተባለ ይታለፋል። ከሦስቱ ግጥሞች የቦታ ስሞቹን አውጥቼ ባቢሎንንና ሮማን ብተካባቸው ምንም አይጎድልባቸውም። ለእኛ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። እዚህ ሳጃና ተወልደው አገሪቱን አይተዋት የማያውቁ ልጆች አሉን፤ ለእነሱ ያለችው እኛ የጻፍናት ብቻ ናት።

የተፈጥሮን ሀብት የነካው አንድ ግጥም ነው፤ እሱም ራስ ዳሸን አናት ላይ አንበሳ አስቀምጧል። ወንድሜ ሆይ፣ የስሜን ጌጥ አንበሳ አይደለም። ዋልያው አለ፣ ሣር እየነጨ የሚውለው ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ፣ በውርጭ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጅብራ አለ። ስሜን ከላሊበላ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እየተመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽ እየገፋ ሲመጣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣውም በ2017 ነው። በመካከሉ የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ሣሩ ለአውሬው ይቅር ሲባል ገብስ የሚዘራው ሰው ቤቱን ለቀቀ ማለት ነው። ማን ትክክል እንደ ነበር ግጥሙ ይፍረድ አልልም። ግን ቤት ለቆ መውጣትን ከስደተኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ይህን ትቶ አንበሳ መበደር ምን አመጣው?

ስለ መቅደላ የተጻፈው ሦስተኛው ግጥም አራት አርኬ ሙሉ እንግሊዝን ይረግማል። እርግማኑ ተገቢ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ግን ምን ተጫነ? ግጥሙ አንድም ዕቃ በስሙ አይጠራም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ወደ ለንደን ሲጽፉ «ቅርሳችንን መልሱ» ብለው አልቀሩም፤ አንድ መጽሐፍና አንድ ሥዕል በስም ጠየቁ። ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱን። መጽሐፉ በስሙ ስለ ተጠራ ተፈልጎ ተገኘ፤ ተመለሰም። ሥዕሉን ግን ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ይዞት ነበርና የት እንዳለ አይታወቅም የሚል መልስ መጣ። በ1917 ለንደን ውስጥ ተሸጠ፤ ዞሮ ዞሮ ፖርቱጋል ገባ። ሰው የሚሟገተው ስሙን ለሚያውቀው ነገር ነው።

ይህ ሥዕል ደግሞ ለእኛ ሌላም ታሪክ አለው። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ስናርን ሊወጉ ወርደው ሲሸነፉ ከሠራዊቱ ጋር የነበረው ኩርዓተ ርእሱ ተማርኮ ስናር ቀረ፤ በኋላ ዋጋ ተከፍሎበት ጎንደር ተመለሰ። ስናር ማለት ከዚህ ዓባይን ሽቅብ ይዘው የሚደርሱባት ናት። ሱዳን የስደት አገር ብቻ ሆና በምትቀርብበት ወረቀታችን ይህን የሚያነሣ አለመገኘቱ ይገርመኛል።

ከሳጃና ወደ ወንዙ ዳር ሲወጡ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በ1971 የተከፈተ። የአስዋን ግድብ ውሃ ሊውጣቸው የነበሩ የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው መጥተው በግቢው ተተክለዋል። ከፋራስ ካቴድራል ግድግዳ በፖላንድ ባለሙያዎች የተላጡት የኑብያ ክርስቲያኖች ሥዕሎች፣ ወደ ዋርሶ ከሄዱት የቀሩት፣ እዚያ ተሰቅለው ነበር፤ ዓይናቸው የኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያስታውሳል። በዚያው ግድብ ምክንያት የሐልፋ ሰዎች ከተምር ዛፋቸው ተነቅለው አትባራ ዳር፣ ኸሽም አል ጊርባ ሰፈሩ። ድንጋዩ ተጓዘ፤ የተምሩ ዛፍ ሰጠመ። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ተነሣ፤ ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ በያዘበት በመጋቢት 2025 ሙዚየሙ ተዘርፎ ተገኘ። ስለዚህም ከአምስቱ አንዱ አልጻፈም። ለጎረቤት መቅደላ ሐዘን የማይደርሰው ገጣሚ ለራሱ መቅደላ የሚያለቅሰው ለቅሶ ያጠራጥረኛል።

ወጉን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለ ወደድኩት ነው። እህታችን የእናቷን መሶብ ጥገና ትተርካለች። ጠርዙ ሲፈታ ወስፌው አለ፤ ስንደዶና አክርማ ግን እዚህ ከየት ይምጣ? እናትዮዋ ከገበያ የዘንባባ ቅጠል ገዝተው፣ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በሱዳኖቹ ስልት ጠርዙን ይዘጉታል። መሶቡ ግማሹ የጎጃም፣ ግማሹ የካርቱም ሆኖ ይቀመጣል። እናትዮዋ አዩትና «አላማረም፣ ግን ይዟል» አሉ። ከዕትሙ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር፣ መሶብ ታላቅ ቅርሳችን ነው የሚለውን፣ ትሰርዘው። ከሰረዘችው በኋላ ባዶ በሚቀረው መሥመር የስፌቱን ቀለማት ትጻፍልን፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሰውን ሂስ አድርጎ ራስን መዝለል አይገባም። ከአምስቱ ግጥሞች አንዱ፣ የአክሱም ሐውልት ላይ የተጻፈው፣ የእኔ ነው። ሮም ወስዳው 2005 ላይ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ ስለ ተመለሰው ሐውልት ስፎክር ያልጻፍኩት አለ። ከአገር ስወጣ የአያቴን ክታብ በብብቴ ይዤ ነበር፤ ሳጃና በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የሁለት ወር ኪራይ ተጠራቅሞብኝ፣ ለአንድ መንገደኛ ፈረንጅ ሸጥኩት። ማንም አልቀማኝም፤ ዋጋውንም የተናገርኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ያንን ግጥም ከወረቀቷ አውጡልኝና በቦታው ይህን ገልብጡ። ክታቡ ከሦስት ቁራጭ ብራና የተሰፋ፣ ርዝመቱ ከአያቴ ቁመት የተስተካከለ ነበር። የቆዳ ማኅደሩ ከላብ ብዛት ጠቁሯል። አናቱ ላይ ዓይኑ የፈጠጠ መልአክ ሰይፍ መዝዞ ቆሟል፤ ክንፎቹ ቀይና ጥቁር ናቸው። ከሥሩ የአያቴ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ወለተ ማርያም። መካከሉ ላይ መስቀል የሚመስል ሐረግ ነበር። ከታች ሦስተኛ ሥዕል ነበረ፤ ምን እንደ ነበረ አላስታውስም።