ከምላጩ በፊት ባትሪው

መቀሌ በሚገኘው ኲሓ ሆስፒታል የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲኖር፣ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው የሚመሩ አረጋውያን ግቢውን ይሞሉታል። በእነዚያ ቀናት የወጣት ሬዚደንቶች ልብ ኦፕሬሽን ክፍል ነው። አልፈርድባቸውም። ጠቅላላ ሕክምና ተምሮ፣ ኢንተርንነቱን ጨርሶ፣ ለዓይን ሕክምና ተጨማሪ ዓመታት የሰጠ ሰው እጁን ማፍታታት ይናፍቃል።

እጅ በልምምድ ይገራል። በማይክሮስኮፕ ሥር ከፀጉር በቀጠነ ክር መስፋት፣ በዓይኑ ነጭ ክፍል ትንሽ መተላለፊያ ማበጀት፣ ሌንሱን የያዘውን ከረጢት ከፍቶ የደነደነውን ሌንስ ማውጣት፣ ሰው ሠራሹን መተካት ሁሉ ይለመዳል። መተላለፊያው በትክክል ከተሠራ ራሱን ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ ስፌት አይፈልግም። ውድ ማሽንም አይጠይቅምና ለአገራችን የተስማማ ዘዴ ነው።

እኔ ግን አስቀድሜ የማስተምረው ባትሪ አያያዝ ነው። ሞራው የዓይኑን የኋላ ክፍል ስለሚጋርድ፣ ሬቲናውና ነርቩ ደህና መሆናቸውን በቀጥታ ማየት አይቻልም። ስለዚህ በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ እያበሩ «አደይ፣ መብራቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ብርሃኑን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ሞራ ብቻውን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ አያጠፋም። ብርሃኑ ሲያርፍበት ብሌኑ በመጥበብ ፈንታ ከሰፋ፣ ከሞራው ጀርባ ሌላ ጉዳት አለ፤ ምናልባትም ግላኮማ። በግላኮማ የሞተን ነርቭ አዲስ ሌንስ አያድነውም።

በ2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑንና የግማሽ ያህሉ መንስኤ ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ዘመቻ የሚያስደስተን ለዚህ ግማሽ መፍትሔ ስላለን ነው። የቀረው ግማሽ ግን በዚያው ሰልፍ ውስጥ፣ በዚያው ተስፋ ተቀምጧል። ትራኮማ ኮርኒያቸውን (የዓይናቸውን የፊት መስታወት) ያደበዘዘባቸው፣ ነርቫቸው የሞተባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ጋር ተራ ይጠብቃሉ።

በጦርነቱ ዓመታት በትግራይ ሆስፒታሎች መድኃኒትና ዕቃ ሲጠፋ፣ በባትሪ የመመርመር ሙያ አልጠፋም። ከባዱ ግን ከምርመራው በኋላ ያለው ነው። ሩቅ መንገድ ተጉዘው የመጡ እናት አጠገብ ተቀምጦ፣ እጃቸውን ይዞ፣ «ቀዶ ሕክምናው ይህን ዓይን አይመልስልዎትም» ማለት ያስፈልጋል። ከዚያም ሁለተኛው ዓይናቸው እንዳይጠፋ ዛሬውኑ ክትትል ማስጀመር ነው። ይህን ማድረግ የቻለ ሬዚደንት ምላጭ ቢይዝ አልሰጋም።