የሕፃናት የመገጣጠሚያ ብግነት፦ ስሙ ጠራ፣ አከፋፈሉ ግን ገና አልጠራም

ቁርጥማት የአረጋውያን ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል ግን እ.ኤ.አ. በ1897 የ22 ሕፃናትን ሥር የሰደደ የመገጣጠሚያ ሕመም በጽሑፍ ሲያቀርብ፣ ቢያንስ አንደኛው ዓይነት በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው የተለየ መሆኑን አስገንዝቧል።

ከዚያ በኋላ ስያሜው ለረጅም ጊዜ አልተስማማም። አሜሪካውያን «ጁቨናይል ሩማቶይድ አርትራይቲስ» ብለው የ6 ሳምንት ቆይታን፣ አውሮፓውያን ደግሞ «ጁቨናይል ክሮኒክ አርትራይቲስ» ብለው የ3 ወር ቆይታን ይጠይቁ ስለነበር የጥናቶቻቸውን ውጤት ማነጻጸር አዳጋች ነበር። ዓለም አቀፉ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ሊግ እ.ኤ.አ. በ1997 በደርባን፣ በ2001 ደግሞ በኤድመንተን ያሻሻለው አከፋፈል ይህን ልዩነት አስወገደ። በዚህ መሠረት ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየና መንስኤው ያልታወቀ የመገጣጠሚያ ብግነት «ጁቨናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይቲስ» ተብሎ በ7 ክፍሎች ተመደበ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም አከፋፈሉ ከትችት አያመልጥም። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 4 መገጣጠሚያዎቿ ያበጡ የ3 ዓመት ሕፃን በአንድ ክፍል፣ 5 ያበጡባት ደግሞ በሌላ ክፍል ትመደባለች። ሁለቱም አንቲኒውክሊየር አንቲቦዲ ከተገኘባቸው ግን ሕመማቸውም ሆነ ለዓይን ብግነት ያላቸው ተጋላጭነት እጅግ ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው አዲስ ሐሳብ የመገጣጠሚያዎችን ቁጥር መለያ ማድረግን መተዉ ይህን ጉድለት ያረጋግጣል።

ከሁሉ የከበደው ችግር ግን «ሌሎች መንስኤዎች ሲወገዱ» በሚለው አጭር ሐረግ ውስጥ ተሸሽጓል። በወረቀት ላይ አንድ መስመር የሆነው ይህ ሐረግ፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያና የሩማቲክ ትኩሳት በብዛት በሚገኙባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የምርመራው ዋነኛ ሥራ ነው። የሩማቲክ ትኩሳት ሕመም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ እያንዳንዱም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይሻለዋል፤ ለአስፕሪንም ፈጥኖ ይታዘዛል። ጉልበቱ ለሳምንታት እንዳበጠ የቀረ፣ ጠዋት ተሳስሮ የሚነሳ ሕፃን በሩማቲክ ትኩሳት ስም በየወሩ ፔኒሲሊን ሲወጋ ቢኖር፣ ልምሻ አጥንቱ በዝምታ ይጎዳል። በተቃራኒው ነቀርሳ ወይም ሉኪሚያ ሳይመረመር ስቴሮይድ መስጠት የባሰ አደጋ ያስከትላል። ሌሊት የሚያስለቅስ የአጥንት ሕመምና የደም ሕዋሳት ማነስ ሲታይ መጠርጠር ያለበት ሉኪሚያ ነው።

በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ያለው እምነትም ሊታረም ይገባል። በአብዛኞቹ ሕፃናት ሩማቶይድ ፋክተር አይገኝም፤ ስለዚህ አለመገኘቱ በሽታውን አያስወግድም። አንቲኒውክሊየር አንቲቦዲ ደግሞ በጤነኛ ሕፃናትም ሊገኝ ይችላል። ምርመራው የሚቆመው በታሪክና በአካል ምርመራ ላይ ነው።

ዓይን የተለየ ትኩረት ይሻል። ዩቪያይቲስ በእነዚህ ሕፃናት ብዙ ጊዜ ዓይንን ሳያቀላና ሳያሳምም ያድጋል፤ ሕፃኑም ማየት እየተሳነው መሆኑን ላይናገር ይችላል። በመሆኑም ዓይን በስሊት ላምፕ የሚመረመረው ምልክት ሲታይ ሳይሆን ሕመሙ እንደታወቀ፣ ከዚያም በየጊዜው ነው።

ሕክምናውም ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሜቶትሬክሴት ጠቀሜታው እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንድ ጊዜ መሰጠቱን ለወላጆች አጥብቆ ማስረዳት ግን ሕይወትን የሚያድን ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ 7ቱ ክፍሎች ይበልጥ የሚያገለግሉት ተመራማሪውን ነው። በጤና ጣቢያ ለሚሠራው ባለሙያ ከአከፋፈሉ የሚጠቅመው የ6 ሳምንቱ ቆጠራ ነው፤ እርሱም ቢሆን ምደባን ይወስናል እንጂ ሕፃኑን ወደ ሆስፒታል ለመላክ የሚያስጠብቅ ምክንያት አይሆንም።