ልብስና አጥንት፦ ስለ ሲትሮየን ዴኤስ ውጫዊ ይዞታ ሂሳዊ ዳሰሳ

በኦክቶበር 1955 እ.ኤ.አ. የሲትሮየን ኩባንያ ዴኤስ 19 የተባለችውን መኪና በፓሪስ ትርኢት በገለጠ ጊዜ፥ ጣልያናዊው ቀራጺ ፍላሚንዮ ቤርቶኒ የቀረጸላትን ያን ልሙጥ አካል ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ በዓይኑ ብቻ አልረካም፤ በእጁ ሊዳስሳት ወደደ። ሐያሲው ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» በተባለው መጽሐፉ ይህንኑ አስተውሎ፥ ያለ ስፌት የተሠራውን የክርስቶስን ቀሚስ እስከ መጥቀስ ደርሶ ስለ ልስላሴ ምስጢር ካተተ በኋላ፥ የሕዝቡን ልብ ከሁሉ አብልጦ የሳበው የክፍሎቿ መጋጠሚያና የመስታወቷ ጠርዝ መሆኑን አመለከተ። ትርጓሜው የረቀቀ ነው፤ ነገር ግን ባርት ያያት ገና አዲስ ሳለች ስለ ሆነ፥ ዛሬ እጅግ ብዙ ዘመን ኖራ በደኅና የተጠበቀችውን ለሚመረምር ሰው ያ መጋጠሚያ የውበት ምንጭ ከመሆኑም በላይ የዕድሜዋ ምስክርነት የሚነበብበት ዋና ስፍራ ሆኖ ይገኛል።

የዚህች መኪና አካል ልብስ እንጂ አጥንት አይደለምና። ጣሪያዋ ከፋይበር ግላስ፥ ኮፈኗ ከአሉሚንየም፥ በሮቿና ፓራፋንጎዎቿ ከብረት ላሜራ ተሠርተው በውስጥ ባለው የብረት አፅም ላይ የታሰሩ ናቸው፤ ሸክሙን የሚችለውም ይኸው አፅም ብቻ ስለ ሆነ፥ ፓራፋንጎዎቿን ሁሉ አውልቆ መንዳት ይቻላል። እንግዲህ የሚያንጸባርቅ ቀለም ስለ መኪናዪቱ ጤና የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ የተዘረጋው ባዶ የብረት ሣጥን ከውስጥ በዝገት ተበልቶ ሳለ፥ ልብሱ ያለ አንዳች ነውር ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ አስተዋይ መርማሪ ከፊት አይጀምርም። ወደ ኋላ ሄዶ የኋላውን ፓራፋንጎ የያዘውን ብሎን እንዲፈቱለት ይጠይቃል፤ ጎማ ለመለወጥ እንዲያመች ተብሎ በአንድ ብሎን ብቻ የተያዘው ይህ ሰፊ ላሜራ ሲወልቅ፥ በውስጡ ገጽ ላይ ፀሐይ ያላገኘው የፋብሪካው ቀለም፥ በእጥፋቱ ውስጥ የደረቀው ጭቃ፥ ከበስተጀርባውም የሣጥኑ ጫፍ ወለል ብለው ይታያሉ። ውስጡና ውጩ ኅብራቸው ከተለያየ፥ ወይም በጠርዙ ላይ የስቱኮ ንብር ከተገኘ፥ መኪናዪቱ ታድሳለች እንጂ አልተጠበቀችም። ቀጥሎ በሩና ፓራፋንጎው የሚገናኙበትን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይከተላል፤ ክፍተቱ ወደ ታች እየሰፋ ወይም እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፥ ወይ አፅሙ ጎብጧል፥ ወይ ላሜራው ተቀጥቅጦ ተመልሷል። እስከ 1966 ድረስ በተሠሩት ላይ ግን አንድ ነገር ይቅር ሊባል የሚገባው ይመስለኛል፤ መኪናዪቱን የሚያነሣትና የሚያወርዳት ቀዩ ፈሳሽ፥ በአረንጓዴው ዘይት እስኪተካ ድረስ፥ የነካውን ቀለም የሚልጥ ነበረና፥ በኮፈኑ ሥር ባሉት ጠርዞች ላይ የተላጠ ቦታ ቢገኝ የዘመኑ ጠባይ እንጂ የባለቤቱ ቸልተኛነት አይደለም።

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተር ጥበቃን ከእድሳት ያስቀድማል፤ እኔም በሙሉ ልቤ ከዚህ ወገን ነኝ። አሮጌ ብራና ተፍቆ ሌላ ነገር ቢጻፍበት፥ ጽሕፈቱ ምንም ቢያምር የቀድሞው ጸሐፊ እጅ እንደሚጠፋ፥ በስስት እየተወለወለ የደበዘዘውን የፋብሪካ ቀለም ልጦ በአዲስ መተካትም ዳግመኛ የማይገኘውን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ቤርቶኒ በ1964 ካረፈ በኋላ ሮቤር ኦፕሮን መልኳን አሻሽሎ፥ በ1967 መብራቶቿን ከመስታወት በስተኋላ አገባቸው፤ በውስጥ በኩል ያሉትም ከመሪው ጋር እንዲዞሩ ሆኑ። ይህ የኋለኛው ገጽ ብዙዎች የሚወዱት ስለ ሆነና የፊት አካሏም የታሰረው በብሎን ስለ ሆነ፥ የቀደመችውን መኪና የኋለኛውን ማልበስ የሚቻል ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ላሜራው ሁሉ እውነተኛ፥ ቀለሙም ያለ እንከን ቢሆን እንኳ፥ መኪናዪቱ በሐሰት ዘመን ትመሰክራለች።

ይህችው መኪና በ1957 በሚላኖ ትሪየናሌ ያለ ጎማ እንደ ሐውልት ቀርባ ታይታለች። ሐውልት ናት ማለት እውነት ነው፥ ግን እኩሌታው ብቻ፤ ሞተሯ ሲጠፋ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ወርዳ ጎማዎቿ በፓራፋንጎዎቹ ሥር ይሸሸጋሉ፥ ሲነሣ ግን አስቀድማ በኋላዋ ቀጥላም በፊቷ ከፍ ትላለች፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚወርደው የጎኗ መሥመር ቤርቶኒ ያሰበውን ልክ የሚይዘውም ያን ጊዜ ነው። ቆማ በወረደችበት የተነሣችው ፎቶግራፍ ይህን አያሳይም። የይዞታ መግለጫ የሚጽፍ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ፥ ከፍታዋን እስክታገኝ ታግሦ፥ ከጎኗ ራቅ ብሎ ሊያያት ይገባዋል፤ ፊቷና ኋላዋ ሳይስተካከሉ ቢቀሩ ጉድለቱ ከላሜራው ይልቅ ከከፍታ ማስተካከያዋ ሊሆን ይችላልና፥ ይህንንም ከቀለሙና ከኒኬሉ ጋር አብሮ ይጻፈው።