ሳይጠይቁ መክፈል

በትንሽ ገንዘብ መጓዝ ሙያ ነው ስል የሚስቁብኝ አሉ። ገንዘብ ማጣት ከመቼ ወዲህ ሙያ ሆነ ይሉኛል። እኔ ግን ቦርሳዬን አዝዬ ስዞር፣ ጠቀም ያለ ዶላር ይዘው መጥተው በሁለተኛው ሳምንት ኪሳቸው የተራቆተ፣ የዚያን እኩሌታ ብቻ ይዘው ደግሞ ወሩን ያለችግር የከረሙ መንገደኞች አይቻለሁ። የለያያቸው ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት ለመቅሰም፣ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ አፍሪካ ውስጥ ለሚዘልቅ ሰው ከግብፅ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ግብፅ ውስጥ ለአንድ ጉዳይ ሁለት መንገድ አለ፤ የአገሬው አለ፣ የእንግዳው አለ። ሉክሶር ላይ ዓባይን አቋርጦ የጥንቶቹ ነገሥታት ወደተቀበሩበት ማዶ ለመሻገር ሠራተኛው፣ ተማሪውና ገበያተኛው የሚሳፈርበት የሕዝብ ጀልባ አለ። ከአጠገቡ ቱሪስት የሚጠሩ የሞተር ጀልባዎች ተደርድረዋል። ወንዙም ያው፣ ማዶውም ያው፤ ዋጋው ግን አይገናኝም። ሙያው የአገሬውን መንገድ ፈልጎ ማግኘትና ሳይደናበሩ በእሱ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ዋጋ አለመጠየቅ ነው። የጠየቀ እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለ። ስለዚህ ጠጋ ብዬ እቆማለሁ። ከፊቴ ያለው ሰው ለሻዩ ወይም ለሸንኮራ ጭማቂው ስንት እንደሰጠ፣ ስንት እንደተመለሰለት አያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ልኩን ቆጥሬ እሰጣለሁ። ብዙ ጊዜ ሻጩ ቀና ብሎም አያየኝም። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ በየሱቁ የተለጠፈውን የዓረብኛ ቁጥር ማንበብ ነው። ዜሮው ነጥብ ነው፤ እኛ ዜሮ ብለን የምናነበው ክብ እዚያ አምስት ነው፤ ሰባቱን ብትገለብጡት ስምንት ይሆናል። አውሮፕላን ውስጥ ተጠንቶ የሚያልቅ ነገር ነው። ሌላው ዝርዝር ገንዘብ ነው። ካይሮ ውስጥ «መልስ የለኝም» የማይል ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል፤ አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ መልሱን ሊያስቀር ነው። ትልልቁን ኖት በሱፐርማርኬት ዘርዝሩ፣ ትንንሹን በሌላ ኪስ ያዙ።

የካይሮ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ሥራ የጀመረ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ሜትሮ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለሴቶች ብቻ የተመደቡ ፉርጎዎችም አሉት። እሱ በማይደርስበት ማይክሮባስ አለ። የአዲስ አበባን ሚኒባስ ለለመደ ሰው አዲስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ረዳት አለመኖሩ ነው። የኋላው ተሳፋሪ ሂሳቡን ለፊተኛው ያቀብላል፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሾፌሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የሰው ገንዘብ ተቀብላችሁ ስታቀብሉ የመኪናው አባል ትሆናላችሁ። ለመውረድ «ዓላ ገንብ» ማለት ይበቃል።

ምግብ ላይ ለእኛ ሰው የተለየ ዕድል አለ። የድሃው ሕዝብ ምግብ በአብዛኛው የጾም ምግብ ነው። ኮሸሪ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮረኒና ሽምብራ ተደባልቆ፣ የቲማቲም ስልስና የተጠበሰ ሽንኩርት ላዩ ላይ የሚፈስበት ነው፤ አንድ ሳህን እስከ ማታ ያቆያል። ፉል አለ፣ ከተፈጨ ባቄላ የሚጠበሰው ጣዕሚያ አለ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና እኛ ጾመ ነቢያትን ስንጾም ኮፕቶችም ይጾማሉ፤ በሚበዙበት ሰፈር «ሲያሚ» እየተባለ ኬክና ብስኩት ሳይቀር ያለወተትና ያለቅቤ ይሸጣል። ያ ወቅት ደግሞ ላይኛው ግብፅ ሙቀቱ የሚቀዘቅዝበት፣ በእግር ለመዞር የሚመች ነው። ለጾመኛ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በአሮጌው ካይሮ ያሉትን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት፣ አል ሙዓለቃን ጨምሮ፣ ለማየት ክፍያ የለም። በ9ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የኢብን ጡሉን መስጊድም እንዲሁ።

መልካችን ነገሩን ያወሳስበዋል። ካይሮ ላይ ሱዳናዊ፣ አስዋን ላይ ኑቢያዊ እንባላለን፤ አፋችንን እስክንከፍት ድረስ የአገሬው ዋጋ የእኛም ነው። ጉዳቱም አለ፤ ለጥቁር ሰው ካይሮ ሁልጊዜ ገር አይደለችም፣ መንገድ ላይ ስድብ የሚወረውር አይጠፋም። ከኢትዮጵያ መሆናችሁ ሲታወቅ ደግሞ ወሬው ወዲያው ወደ ሕዳሴ ግድብ ይዞራል። እኔ ውሃው ለሁላችንም ይበቃል እልና ሻይ አዛለሁ።

በቁጠባና በስስት መካከል ያለውን ድንበር ማወቅም የሙያው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የግብፅ ፓውንድ በአንድ ቀን ከ31 ገደማ ወደ 50 ገደማ ለአንድ ዶላር ወረደ። ዶላር ለያዘ ጎብኚ አገሩ ረከሰ፤ ለሻይ ሻጩ ግን ስኳሩ ተወደደ። የእኛም ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ስለተለቀቀ ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ከባለሱቅ ጋር ስለ ምንጣፍ ብትከራከሩ ጨዋታ ነው፤ ከአሮጊት ጋር ስለ ሎሚ መከራከር ነውር ነው። ጉርሻም እንዲሁ። መጸዳጃ ቤት ለሚያጸዳው እሰጣለሁ፤ ቲኬቴ የከፈተልኝን በር ዳግም «ልክፈትልህ» ለሚለኝ ዘበኛ አልሰጥም።

የጥንታዊ ቦታዎች መግቢያ ቲኬት ላይ ብልሃቱ አይሠራም። ለግብፃዊና ለዓረብ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ በሕግ ተለጥፏል፤ የታወቀ ዓለም አቀፍ የተማሪ ካርድ ያለው ግን በግማሽ ዋጋ ይገባል። እዚህ ላይ መቆጠብ አልመክርም፤ መምረጥ እንጂ። የነገሥታት ሸለቆ መደበኛ ቲኬት ሦስት መቃብር ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው የቱታንካሙን መቃብር ለብቻው ይከፈልበታል። እኔ እዘለዋለሁ። ጠባብ ነው፣ ሀብቱም ጊዛ ባለው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ውስጥ ነው። በዚያ ገንዘብ ዴር ኤል መዲና ሂዱ፤ የነገሥታቱን መቃብር የቆፈሩና ያስዋቡ ሠራተኞች የኖሩበት መንደር ነው። ለራሳቸው የሠሯቸው ትንንሽ መቃብሮች፣ በተለይ የሰነጅም፣ ቀለማቸው ዛሬም አልደበዘዘም። እነዚህ ሠራተኞች ራምሴስ ሣልሳዊ በነገሠ በ29ኛው ዓመት ቀለባቸው ሲዘገይባቸው ሥራ አቁመው ከቤተ መቅደስ አጠገብ ተቀመጡ፤ በጽሑፍ ተመዝግበው ከቆዩን የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ነው። እንጀራውን ለሚቆጥር መንገደኛ ከየትኛውም ፈርዖን ይልቅ እነሱ ይቀርቡታል።

አስዋን ላይ በሕዝብ ጀልባ ወደ ኤለፋንታይን ደሴት ተሻገሩና ዓባይ ይለካበት የነበረውን ደረጃ እዩ። የጥንት ሹማምንት ግብር የሚተምኑት ውሃው እዚያ የደረሰበትን ከፍታ አይተው ነበር፤ ያ ሙላት በአብዛኛው ከእኛ ተራሮች የወረደ ክረምት ነው። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአስዋን ግድብ ሐይቅ እንዳይውጠው እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጦ ወደ ከፍታ የተወሰደ ነው።

ድሮ የጀርባ ቦርሳ መንገደኛ ከአስዋን በጀልባ አድሮ ዋዲ ሃልፋ ይደርስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየብስም መሻገሪያ ተከፈተ። ከዚያ ካርቱም፣ ገላባት፣ መተማ፣ ጎንደር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በተጀመረው ጦርነት ይህ መንገድ ተቋርጧል። ከግብፅ በኋላ ደግሞ ወጪው ይከብዳል፤ ጎሪላ ለማየት ኡጋንዳና ሩዋንዳ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ፤ ያንን ኮሸሪ በልቶ የሚያስቀር የለም። በኮሸሪ የተረፈው ለአውሮፕላን ቲኬቱ ይውል። ከካይሮ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ብረሩና የደቡቡን መንገድ ከዚያ በሞያሌ ቀጥሉ፤ ሱዳንን በየብስ ለማቋረጥ ግን አትሞክሩ።