በሩ ሲዘጋ

«ስንት ሜጋ ነው?» መካነ ሰላም ላይ ራውተር ልገጥም ስገባ ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ባለቤቱ ስልኩን ከራውተሩ ሥር አስጠግቶ ፍጥነት ይለካል፤ ቁጥሩ ደስ ካለው ሥራው አለቀ። እኔም ለዓመታት እንዲያ እየፈተሽኩ «አብሽሩ፣ ይሠራል» ብዬ ወጥቻለሁ።

ያረሙኝ አንዲት እናት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ሲም የሚገባበት ራውተር አስቀምጬላቸው፣ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ለተከራየ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መምህር እንዲደርስ ነበር ሐሳባቸው። የብረት በሩን ከፍቼ ከሰርቪሱ ስለካ ስልኬ የሞገዱን ኃይል −61 ዲቢኤም አሳየኝ። ጥሩ ነው አልኩ። «ልጄ፣ በዚህ ብርድ በር ከፍቶ የሚያድር አለ እንዴ?» አሉኝ። በሩን ዘግቼ ብመለስ −81። ልዩነቱ 20 ዴሲቤል ነው፤ የሞገዱ ኃይል ወደ መቶኛው ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በር ከፍቼ ለክቼ አላውቅም።

የደጋው ቤት የተሠራው ብርድ እንዳያስገባ ነው። የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ጭቃው ክረምት እርጥበት ሲጠጣ ሞገዱን ይበልጥ ይውጠዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ይመልሱታል። 5 ጊጋኸርዝ አንድ ክፍል ውስጥ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ሲያገኝ ግን ቶሎ ይደክማል። ግቢ ለሚያቋርጥ መስመር እኔ 2.4ን እመርጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ራውተር ካለው ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ጭር ያለውን እይዛለሁ፤ በመካከል ያሉት እርስ በርስ ይደራረባሉ።

የሲም ራውተር አቀማመጡ አስቸጋሪ ነው። ከቴሌ ማማው ለመስማት መስኮት ይፈልጋል፣ ለቤቱ ለማዳረስ ደግሞ መሀል። ስለዚህ ሁለቱን ወገን ለይቼ እፈትሻለሁ። መጀመሪያ ተከራዩ ከሚቀመጥበት ወንበር ሆኜ ወደ ራውተሩ ራሱ ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ አጭር የሙከራ መልእክት) እልካለሁ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነም ከሥሩ ተለጥፏል። እሱ ሳይቆራረጥ እየመለሰ ኢንተርኔቱ ከተንገዳገደ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ፣ በማማው በኩል ነው፤ አዲስ ራውተር መግዛት ብዙ ጊዜ ብር መጣል ነው። ራውተሩ ራሱ መልስ ከነሳኝ ደግሞ ፓኬጅ ማሳደግ አይረዳም። ሰዎች በማያስፈልግ ዕቃና በማያስፈልግ ፓኬጅ ሲከስሩ ማየት ያመኛል፤ ይህን ለመለየት የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነውና።

ደጋግሞ ፍጥነት መለካትም የሰው ገንዘብ ይበላል። በሰከንድ 20 ሜጋቢት ለ10 ሰከንድ ሲወርድ 25 ሜጋባይት ሄደ። የቤቱን ውስጥ የምፈትሸው ከላፕቶፔ ወደ ስልኬ በዋይፋዩ ፊልም እያሻገርኩ ነው፤ ይህ ከፓኬጁ ምንም አይነካም።

መብራት ሲሄድም መፈተሽ አለበት። ብዙው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ ትንሽ ባትሪ ያቆየዋል፤ ከመሰካታችሁ በፊት ግን ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብቡ።

ራውተር የምታስገጥሙ ሁሉ፣ ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ሳይወጣ ማታ የምትቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ አብራችሁ ለኩ።