የመጠቀስ ብዛትና የምሁራዊ ተጽዕኖ ልክ፦ ከቀዶ ሕክምና ምርምር በተወሰዱ ምሳሌዎች የቀረበ ሒስ

የአንድን የምርምር ጽሑፍ ክብደት በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በመቁጠር መመዘን ከተለመደ ቆይቷል። ለዚህ አሠራር መነሻ የሆነውን ሐሳብ ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት አቀረበ፤ በ1960ዎቹም የመሠረተው ተቋም የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ጀመረ። የማውጫው ቀዳሚ ዓላማ አንድ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደደረሰ መከታተል ነበር። ውሎ አድሮ ግን መንገድ ጠቋሚው ሚዛን ሆነ። ሚዛኑ ምን ይመዝናል? ምንስ ያመልጠዋል?

በቀዶ ሕክምና መስክ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ዲንዶ፣ ዴማርቲን እና ክላቪየን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ነው። ጽሑፉ አዲስ የቀዶ ጥበብ አላስተማረም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሱ ጉዳቶችን፣ ለማስወገድ በጠየቁት ሕክምና መጠን በአምስት ደረጃዎች መደበ፤ ምደባውንም በ6,336 ሕሙማን ላይ ፈተነ። የሩቅ አገር ሐኪሞች ውጤታቸውን የሚያነጻጽሩበት የጋራ ቋንቋ ስላገኙ ደጋግመው ጠቀሱት። እዚህ ላይ ቁጥሩ እውነተኛ ጥቅምን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ቆጠራ ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም። ፓውሎ ማኪያሪኒ ስለ ሰው ሠራሽ የአየር ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ2011 በ«ላንሴት» ያሳተመው ጽሑፍ በ2018 በመጽሔቱ ተሰርዟል። ጽሑፉ ቢሰረዝም አስቀድሞ የተቆጠረለት አይሰረዝም፤ ስሕተቱን ለማጋለጥ የጠቀሰውም ሰው በቁጥሩ ላይ አንድ ይጨምርለታል።

ከዚህም የከፋው የማይቆጠረው ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። የእነርሱ ታካሚ የነበሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቀዶ ጥገናን በሥራ ላይ ተምረው ለሌሎች ሐኪሞች አስተምረዋል። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ እንዲህ ያለ ዕውቀት በግርጌ ማስታወሻ አይመዘገብም፤ ተጽዕኖው ግን በዳኑት ሴቶች ሕይወት ይታያል።

የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትን ሥራ የሚያቅዱ ሁሉ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የመምህር ሥራም በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ቆጠራው ይቅር አንልም፤ ማን፣ ለምን ጠቀሰ የሚለው ጥያቄ ይታከልበት፤ ሠልጣኙ በክፍል ውስጥ የሚያሳየው ለውጥም አብሮ ይመዘን። አለበለዚያ በተማሪዎቹ ዘንድ ፍሬ ያፈራውን መምህር ትተን፣ ስሙ በወረቀት የበዛውን ብቻ እንሾማለን።