ስንተኛው ፍሬት ላይ?

ጂንካ ውስጥ ጊታር የሚለማመዱ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በካፖ የሚሠሩት ዘፈኖች የትኞቹ ናቸው?» ብለው ነው። ስልካቸው ላይ ዝርዝር አላቸው። ከእያንዳንዱ ዘፈን ስም አጠገብ ሁለተኛ ፍሬት፣ አራተኛ፣ ሰባተኛ የሚል ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። እኔም መልሼ «የሚዘፍነው ማን ነው?» እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይህ መልስ አያስደስታቸውም፤ እነሱ የፈለጉት ቁጥር ነበር።

እዚህ ቱርሚ ላይ ጊታር መጫወት ይህን ጥያቄ በግድ ያስተምራል። አዲስ አበባ ያለ ጊታሪስት ባንድ አለው፣ ባንዱ ዘፋኝ አለው፤ የዘፋኙን ድምፅ ልክ አንዴ ካወቀ አወቀ ነው። እኔ የምጫወተው ሎጅ ግቢ ውስጥ፣ ከእራት በኋላ፣ ለመጣ ሰው ነው። ዛሬ የሚዘፍነው ቱሪስት ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ የላንድክሩዘር ሾፌር ሊሆን ይችላል፤ ነገ ጂንካ ኳየር ውስጥ የምትዘምር ልጅ፤ ከነገ ወዲያ አንድ እንግሊዛዊ። የራሴ የምለው ዘፋኝ የለኝም። ስለዚህ ከጊታሩ ቀጥሎ የማልረሳው ዕቃ ካፖ ነው።

ካፖ ማለት የጊታሩን አንገት አንድ ፍሬት ላይ ነክሶ ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ የሚያሳጥር መቆንጠጫ ነው። እያንዳንዱ ፍሬት ግማሽ ቶን ነው። ጣቶችህ የጂ ኮርድ ይዘው ካፖው ሁለተኛው ፍሬት ላይ ከሆነ የሚሰማው ኤ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ቢ ፍላት፣ አምስተኛው ላይ ሲ። እጅህ ከለመደው ቦታ አይነቃነቅም፤ ከፍ የሚለው ድምፁ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት «ካፖ የሰነፍ ነው» የሚል ወሬ አለ። ባር ኮርድ መያዝ ያቃተው ሰው መሸሸጊያ ነው ይላሉ። እንዲህ የሚለኝን ሰው ወደ ፍላሜንኮ እልከዋለሁ። ፓኮ ዴ ሉሲያን በቴክኒክ የሚያማው የለም፤ ካማሮን ዴ ላ ኢስላን ሲያጅብ ግን ካፖ ይጠቀም ነበር። ፍላሜንኮ ውስጥ ጊታሪስቱ ነው ወደ ዘፋኙ የሚሄደው።

የውጭ እንግዶች ደጋግመው የሚጠይቁት «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ም ታሪኩ ይኸው ነው። ጊታሪስቱ ዶን ፌልደር መጀመሪያ ያዘጋጀው በኢ ማይነር ነበር። ለዘፋኙ ለዶን ሄንሊ ድምፅ አልሆነም። ወደ ቢ ማይነር ተዛወረና የመግቢያው ባለ 12 ክር ጊታር ካፖ ሰባተኛ ፍሬት ላይ ታስሮ ተቀዳ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚያዩት «7» የመጣው ከአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። የጆርጅ ሃሪሰን «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ሰባተኛ ላይ ነው፣ የዶሊ ፓርተን «ጆሊን» አራተኛ ላይ፣ የትሬሲ ቻፕማን «ፋስት ካር» ሁለተኛ ላይ። አራቱንም ማወቅ ጥሩ ነው፤ እንግዶቹ ይወዷቸዋል፣ እጅም ያፍታታሉ። የተጻፈው ቁጥር ግን የቅጂው ነው። እዚህ ቱርሚ ላይ «ጆሊን»ን አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ልዝፈን ካለ አራተኛውን ፍሬት መርሳት ነው።

ክራር መቺዎች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። አስናቀች ወርቁም ሆነች ካሳ ተሰማ ራሳቸው እየመቱ ራሳቸው ይዘፍኑ ነበር፤ ክራር ደግሞ ለድምፅ ተብሎ ነው የሚቃኘው። ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር ጠምዘዝ ማድረግ ነው፤ ዘፋኙ ዛሬ ጉንፋን ይዞት ከሆነ ክራሩ ዛሬ ዝቅ ይላል። ጊታር ግን ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ተቃኝቶ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ስድስት ክር ላጥብቅ ብትል ክር ይበጠሳል። ሰኞ ገበያ ላይ ማርና ቅል፣ ፍየልና ቅቤ ታገኛለህ፤ የጊታር ክር አታገኝም። ከአርባ ምንጭ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪላክ መጠበቅ ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርኩት የትም አገር ላለ ጊታሪስት ይሠራል። የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው ከቅኝቱ ነው።

የጊታሩን ባዶ ክሮች ተመልከት። ሁለቴ የመጣውን ኢ አንዴ ብቻ ብትቆጥረው አምስት ድምፅ ይቀራል፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ይህ ከጂ የተነሣ ትዝታ ሜጀር ነው፤ አንድ ድምፅ አልጎደለም፣ አንድ ድምፅ አልተረፈም። እነዚሁኑ ድምፆች ከኢ ጀምረህ ብትቆጥራቸው ባቲ ማይነር ናቸው። ማንም ሳያስበው ጊታር ከነተፈጥሮው በትዝታ ተቃኝቷል ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ጊዜ የቀኝ እጄ አመታት ተለወጠ። ክራር መቺ ስድስቱንም ክር በአንድ ምት ጠርጎ የማይፈልገውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍናል። ጊታር ላይም ካፖ አስረህ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ካፖው ሦስተኛ ፍሬት ላይ ከሆነ ባዶዎቹ ክሮች ከቢ ፍላት የተነሣ ትዝታ ይሰጡሃል፤ አምስተኛው ላይ ከሲ። በባር ኮርድ ይህ አይገኝም። ባር ስትይዝ ግራ እጅህ በሙሉ ተይዟል፤ የሚያፍን ጣት አይተርፍህም፣ የሚያስተጋባ ባዶ ክርም የለህም። የሰነፍ ነው የሚሉት ሰዎች ይህን አስበውት አያውቁም ባይ ነኝ።

ትዝታ ማይነር ላይ ሲደርስ ነገሩ የበለጠ ይጣፍጣል። ከኤ ብንነሣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። የዚህ ቅኝት ሆድ የሚያባባው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ከቢ ወደ ሲ እና ከኢ ወደ ኤፍ፣ ሁለቱም ግማሽ ቶን። ጊታሩ ላይ ሁለቱም ከባዶ ክር ወደ መጀመሪያው ፍሬት ናቸው። ቀኝ እጅ ባዶውን ክር ይመታል፣ የግራ አመልካች ጣት ሳይመታ ላዩ ላይ ያርፋል፤ ዘፋኝ ድምፁን ሲያጥፍ የሚሰማው ዓይነት ነገር ይወጣል። ስለዚህ ትዝታ ማይነር ለእኔ ቤቱ የኤ ማይነር አያያዝ ነው። ዘፋኙ ሲ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ካፖ ሦስተኛ፣ ዲ ላይ ከሆነ አምስተኛ። ካፖው ከፍ ሲል እጥፋቱ አብሮ ይሄዳል። አምባሰልም እዚሁ ጎረቤት ነው፤ ያንኑ አምስት ድምፅ ከኢ ጀምረህ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ስትለው አምባሰል ሆነ። መነሻው ወፍራሙ ባዶ ክር ላይ ስለሚወድቅ አውራ ጣት እሱን እየደቃ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይጫወታሉ። ማሪቱ ለገሠን እየሰማ ይህን ያልሞከረ ጊታሪስት ካለ ይሞክር። ባቲ ሜጀር በሲ አያያዝ ይመቻል፤ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ሲሆን እነዚያው ሁለት ግማሽ ቶኖች እዚያም እጅ ሥር አሉ።

አንቺሆዬ ግን ኮርድ አይወድም። ከሥሩ ኮርድ ስታስገባ የሆነ ነገር ይሰበራል፤ ነጠላ ድምፅና አንድ የሚያንጎራጉር ባስ ይበቃዋል። ክራርና ማሲንቆ የሚያወጡት አንቺሆዬ በፍሬት ከተከፋፈለው ግማሽ ቶን ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ካፖ ደግሞ ፍሬትን ያዛውራል እንጂ አያርመውም።

እንግዲህ የአያያዙን ቅርጽ የሚመርጠው ቅኝቱ ነው፣ የካፖውን ቦታ የሚመርጠው ጉሮሮው ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ሲሆን ሥራው ይቀላል። የሚከብደው ጉሮሮውን ማግኘት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ዘፈን ሲጀምር ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ተቀምጦ፣ ጠግቦ፣ በቀስታ። ያን ሰምተህ ካፖ ካሰርክ አዝማቹ ላይ ስትደርሱ ወይ ድምፁ ይጠፋል ወይ ይጮኻል።

ከሾፌሮች ጋር የማደርገው እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያውን ይተዉትና ከፍ የሚለውን ቦታ ይበሉልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ሻይዬን ሳልጨርስ?»

«አንዴ ብቻ። ከዚያ ደግሞ የሚያርፉበትን።»

ሁለት ድምፅ ነው የምፈልገው። የሚያርፍበት ድምፅ የቅኝቱን መነሻ ይነግረኛል፤ የካፖው ቁጥር ከእሱ ይወጣል። ከፍ የሚለው ደግሞ ያ ቁጥር ያዛልቅ እንደሆነ ይነግረኛል። በዕድሜ የገፉት ሾፌሮች የሚወዱት ጥላሁን ገሠሠን፣ መሐሙድ አሕመድን፣ ተሾመ ምትኩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሶል ኤኮስ ባንድ ጋር የሠራቸውን ነው። እነዚያ ዘፋኞች የነበራቸው ጉሮሮ ለሁሉ የተሰጠ አይደለም፤ አድማጩ ግን ዘፈኑን የሚያስታውሰው በእነሱ ከፍታ ነው፣ እዚያ ካልደረሰ ያልዘፈነ ይመስለዋል። ሁለት ፍሬት ዝቅ አድርጌ ዝም እላለሁ። አንድም ቀን «ዝቅ አለ» ያለኝ የለም፤ «ዛሬ ድምፄ ተከፍቷል» ይላሉ።

ሴት ልጅ የወንድ ዘፈን ስትዘፍን ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ፍሬት መሄድ አለ። እዚህ ላይ ካፖም ይጨንቀዋል። ማይነር ትዝታ ይዛ ጂ ላይ የምታርፍ ከሆነ የኤ ማይነር አያያዜ ካፖ አሥረኛ ፍሬት ላይ ይጠይቃል፤ እዚያ ጣት መግቢያ የለውም። ወደ ኢ ማይነር አያያዝ ወርጄ ሦስተኛ ላይ አስራለሁ። ከሁለቱ እጥፋቶች አንዱ ከባዶ ክር ይወጣል፣ ሌላው ጣት ይፈልጋል። ወይም «ትንሽ ከፍ ብትይስ?» ብዬ ወደ ኤ አመጣታለሁና ካፖውን ጨርሶ እፈታዋለሁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ እሷ እምቢ ካለች ግን እሷ ናት የምትዘፍነው።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። ጂንካ ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ቱርሚ ከ1,000 በታች። በቀይ አፈርና በዲመካ አድርጎ የወረደ ጊታር ሲደርስ ሌላ ጊታር ነው። የብረት ክር በሙቀት ይላላል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ቀን ላይ የተቃኘ ጊታር ለማታ አይሆንም። በዚህ ላይ ካፖው ራሱ ክሩን ሲጫን ድምፁን በጥቂቱ ያሾላል፤ በተለይ ወፍራሞቹን። ስለዚህ ቱነር የማበራው ካፖ ካሰርኩ በኋላ ነው። ካፖው ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ብረቱ ላይ ከወጣ ክሩ ይታፈናል፣ ከራቀ ይንጫረራል። ጎማው አቧራ ከጠጣ ይደርቃልና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ካፖ የሌላቸው ልጆች እርሳስና የሞተር ሳይክል ካላማዳሪያ ይጠቀማሉ። ካላማዳሪያውን በቀጭኑ ቆርጠው እርሳሱን ክሮቹ ላይ አስተኝተው ከአንገቱ ጀርባ ያስሩታል። ይሠራል። የናይለን ክር ያለው ጊታር አንገቱ ዝርግ ስለሆነ እርሳሱ እኩል ይተኛል፤ የብረት ክር ባለው ላይ አንገቱ ጎበጥ ስለሚል መሃለኞቹ ክሮች ሲያዙ የዳሮቹ ይንጫረራሉ። ክሩ ከአንገቱ የራቀ ርካሽ ጊታር ለያዘ ጀማሪ ደግሞ ካፖ ሌላ ጥቅም አለው፤ ስድስቱንም ክር ግማሽ ቶን አውርዶ ካፖውን መጀመሪያው ፍሬት ላይ ማሰር። ክሩ ወደ እንጨቱ ይጠጋል፣ ኤፍ ኮርድ የመጀመሪያውን ሳምንት አያስለቅስም።

ካፖ የማይሆንበት ቦታም አለ። የፍቅረማርቆስ ደስታን «ከቡስካ በስተጀርባ» አንብበው የሚመጡ የአዲስ አበባ እንግዶች የሐመሮቹን የማታ ጭፈራ፣ ኢቫንጋዲን፣ ማየት ይፈልጋሉ፤ አይተው ሲመለሱም «በጊታር አጅበው» ይሉኛል። አንድ የሐመር አስጎብኚ ጓደኛዬ ዘፈኑን ብቻውን ሲያዜምልኝ አራተኛ ፍሬት ላይ ቁጭ ይል ነበር፤ አብረን አምሮልን ነበር። ጓደኞቹ ሲጨመሩና ጭብጨባውና ዝላዩ ሲሞቅ ግን አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ በየዙሩ ድምፁ ጥቂት ጥቂት ሽቅብ ይሄዳል። የሚሄደው ግማሽ ቶን ቢሆን ካፖውን አስከትለው ነበር፤ ከግማሽ ቶን ያነሰ ነው፣ ሁለት ፍሬት መሃል የሚወድቅ። እንዲቆሙልኝ መጠየቅ ደግሞ አያምርም። አሁን ከእነሱ ጋር ስሆን ካፖውን ፈትቼ ኪሴ እከታለሁ፤ ስድስቱንም ክር በግራ መዳፌ አፍኜ ምቱን ብቻ እመታለሁ። ጓደኛዬ ከበሮ ብትገዛ ይረክስልሃል ይለኛል።